ከሻርጃ በ09 የሚደውል ሰው

ጥቅምት 3/2015፣ ሐሙስ። ምሳ ሰዓት

ደግሞ በ09 ገባ።

በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስተኛው። ስልኬ ላይ የወጣው ያገር ውስጥ ቁጥር ነው። አነሳሁ። ዳዊት። ባሌ። ከሻርጃ። እንዴት ነሽ፣ ማህሌት እንዴት ናት፣ እማማ እንዴት ናቸው፣ ሙቀቱ ገደለን። ሁልጊዜ ሙቀቱ። ቁጥርህ ለምን የኛ አገር ሆነ አልኩት። መስመሩ ነው አለ። ምን ዓይነት መስመር? ርካሽ መስመር። ሳቀ። ቻው።

መልሼ ደወልኩ። ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ትናንት የደወለው በሌላ ቁጥር ነበር። እሱም ያው፣ ይጠራል፣ ማንም አያነሳም።

አንተ ደብተር፣ መቼም ታውቀኛለህ። ጽጌ ነኝ፣ እንጀራዬ ስልክ ነው። እዚህ ክሊኒክ መግቢያው ላይ ተቀምጬ ስልክ ሳነሳና ወደየክፍሉ ሳዞር ዓመታት ሆነኝ። ከቀብሪበያ የሚደውለውን ከዚሁ ከጅጅጋ ከሚደውለው በ“ሄሎ”ው እለየዋለሁ። ከውጭ የሚገባ ጥሪ የውጭ ቁጥር ያሳያል። ይኼን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ሻርጃ ያለ ሰው በ09 አይደውልም።

ከዛሬ ጀምሮ “ዳ.” ብዬ ነው የምጽፈው። ሰው ቢያገኝህ።


ጥቅምት 4፣ ዓርብ

ሆዳን ዘንድ አፌ አመለጠኝ። ነርሳችን ናት፤ ክፉ አይደለችም፣ ወሬ ግን አታጣም። ቁጥሮቹን አሳየኋት። አይታ ዝም አለች። ሆዳን ዝም ስትል ደግ አይደለም። ከዚያ የሰፈራቸውን ሰው ታሪክ አመጣች። ዱባይ ነኝ እያለ ደገሀቡር ላይ ሌላ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ የተገኘ። እኛ ክርስቲያኖቹ ጋ ሁለተኛ ማግባት የለም አልኳት። ሳቀች። ሳያገቡስ?

ምሳዬን ሳልበላ መለስኩት።

ፊቱን ካየሁ ቆየሁ። ድሮ ዓርብ ዓርብ ጓደኛው ቤት እየሄደ በሆነ ዘዴ በቪዲዮ ይደውል ነበር። ከክረምቱ በፊት ተወው። እዚያ አገር የቪዲዮ ጥሪ ዘግተውታል ይላል። መዘጋቱ እውነት ነው፣ ሌሎችም ነግረውኛል። ግን ድሮስ ዝግ አልነበረም? ፎቶ ላክ ስለው ይልካል። ያው ነጭ ሸሚዝ፣ ያው ጺም። ከሄደ ሰሞን የተነሳው ነው። እኔን ባለቤቱን ይሸውደኛል።


ጥቅምት 8፣ ማክሰኞ። ጠዋት፣ በሽተኛ ሳይበዛ

አዲስ ሰው መጣብኝ። ሙክታር ይባላል፣ ቴክኒሻን ነው፣ የጅጅጋ ልጅ። አማርኛው ጥርት ያለ። “አባዮ” ይለኛል፤ እህቴ ማለቱ ነው። አለቃችን ዶ/ር ናቸው ያመጡት። ግድግዳው ላይ ያለው የድሮው ማዞሪያ ተነቅሎ በኢንተርኔት የሚሠራ ይገባል። ውጭ አገር ያለ ቤተሰብ በኢንተርኔት ደውሎ የታማሚው አልጋ ድረስ ይገባል፣ እኛም ከዚህ ጠረጴዛ ወደ ውጭ እንደውላለን። የመንደሩም ሰው እንደ በፊቱ በተራ ስልክ ይደውላል። የድሮውን መስመርና ኢንተርኔቱን እናጋባቸዋለን አለ።

እናጋባቸዋለን። ሰሞኑን ጋብቻ የሚል ቃል ደስ አይለኝም።

የሚጠይቀኝ ነገር በዛ። በቀን ምን ያህል ጥሪ ይገባል? ከየት ይበዛል? የግል ስልክ በዚህ ታወሪያለሽ? ለምን ፈለግኸው አልኩት። ለሥራው ነው አባዮ። አዲሱ ዕቃ ጥሪ ይቀዳል ወይ? ዶ/ር ካዘዙ ይቀዳል። አዘዋል? ትከሻውን ነቀነቀ።

ዕቃው ደግሞ ስልክ ራሱ የሚያነሳበት ነገር አለው፤ “ለፋርማሲ አንድን ይጫኑ” የሚል የሴት ድምፅ። እንግዲህ እኔስ? ዶ/ርን ልጠይቅ ብዬ ቢሯቸው በር ላይ ቆሜ ተመለስኩ። መልሱን ፈራሁት።


ጥቅምት 10፣ ሐሙስ

እማማ፣ ማለት የዳ. እናት፣ አብረውን ነው የሚኖሩት። ዛሬ ከሥራ ቀደም ብዬ ገባሁ። ግቢ ውስጥ ከሮቶው ጀርባ ቆመው በስልክ ያወራሉ። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። የሰማሁት “ቅባቱን ሳታቋርጥ” የሚለውን ብቻ ነው። ኮቴዬን ሲሰሙ ዘጉት።

ማን ነበር አልኳቸው። ቁጥር ተሳስቶ ነው አሉ።

ቁጥር ለተሳሳተ ሰው ዓይናቸው ቀልቷል።

ቅባት የምን ቅባት? ሕፃን ልጅ ይቀባል። አራስ ሴት ትቀባለች። እኔን ያስቀመጡበት ቤት ውስጥ፣ በእኔው ሮቶ ጀርባ፣ የሌላ ልጅ አያት ሆነው ምክር ይሰጣሉ? እራት ሲያቀርቡልኝ እጃቸውን እያየሁ ነበር። እነዚያ እጆች ማህሌትን ያጠቡ ናቸው።


ጥቅምት 12፣ ቅዳሜ

የድሮው ማዞሪያ ወረደ። ከኋላው ግድግዳው ንጹሕ ነው፤ ሌላው ቦታ ሁሉ ወይቧል። ግማሽ ቀን ስልክ አልነበረም። ጆሮዬ ጭር አለ።

ከሰዓት በኋላ አዲሱ ገባ። የመጀመሪያው ጥሪ ከኦስሎ። 4 ቁጥር ክፍል የተኙት እናት ልጅ። አዞርኩለት፣ ክፍሉ ውስጥ ጠራ። ሴትየዋ ሁለት ቀን ቃል ያልተነፈሱ ናቸው። ሲሰሙት እልል አሉ። ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ። ሆዳን አለቀሰች። ሙክታር መሰላሉ ላይ እንዳለ ጥርሱን ከፍቶ አየኝ።

እኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ? ልጁ በእውነት ኦስሎ ይሆን?

እንዲህ ሆኛለሁ።


ጥቅምት 15፣ ማክሰኞ

ተጣላን።

በጠዋት ደወለ፣ በ09። ከኋላው ሰው በሶማሊኛ ይጣራል። አልቻልኩም።

“የት ነህ?”

“ሥራ ነዋ።”

“የት አገር?”

“ጽጌ፣ ምን ሆነሻል?”

“ሶማሊኛ ይሰማኛል።”

“ሻርጃ ሶማሌ ሞልቷል። እኛ ጋራዥ ራሱ አሉ።”

“እንግዲያው ካሜራውን ክፈትና አሳየኝ።”

ተቆጣ። ዳ. ሲቆጣ ድምፁ ይወርዳል እንጂ አይጮህም። በዚህ ፀሐይ የምንገላታው ለማን ነው አለ። ማን ሞላሽ አለ። እኔም ማን እንደሞላኝ ተናገርኩ፤ ዓይኔ ነው አልኩት፣ ጆሮዬ ነው። እናትህን ደግሞ ጠይቃቸው፣ ቅባት ለማን እንደሚያዙ።

ዘጋው። “ቅባት” ስል ነው የዘጋው።


ጥቅምት 18፣ ዓርብ

አልደወለም። ማህሌት ጠየቀችኝ። አባባ ሥራ በዝቶበት ነው አልኩ። ሰባት ዓመቷ ነው፤ አታምነኝም። እሷም እንደኔ ሆናለች ማለት ነው።

እማማ ከኔ ጋር አይበሉም። ጠግቤያለሁ ይላሉ።


ጥቅምት 22፣ ማክሰኞ። ምሳ ሰዓት

ሙክታርን ጠየቅኩት። ስለ አንዲት ጓደኛዬ ብዬ። ባሏ ውጭ ነው፣ ያገር ውስጥ ቁጥር ነው የሚወጣው፣ እንዴት ይሆናል?

አልሳቀም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ኤምሬትስ ነው? አለ። ነው መሰለኝ አልኩ። እዚያ በዋትስአፕ ማውራት አይቻልም፤ ስለዚህ ሰው ርካሽ መደወያ አፕ ይገዛል። ጥሪው በኢንተርኔት እየተጓዘ እዚህ አገር የሆነ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሳጥን ድረስ ይመጣል። ሲም ቦክስ ይሉታል። ውስጡ ሲም ካርድ ተደርድሯል። ሳጥኑ ከሲሞቹ ባንዱ አድርጎ የሚስትየዋን ስልክ ይደውላል፣ ልክ ከጎረቤት እንደተደወለ። ቁጥሩ የሳጥኑ ነው፣ የሰውየው አይደለም። መልሰሽ ብትደውዪ የሚያነሳ የለም። ሳጥን እጅ የለውማ።

ይኼ እኛ ከገጠምነው በምን ይለያል አልኩ። ሥራው አንድ ነው አለ፤ ኢንተርኔትና ስልክ ማገናኘት። የኛ በፈቃድ ነው፣ ያኛው በስርቆሽ። ሲያገኟቸው ያስሯቸዋል።

አላመንኩትም። ብዙ ያውቃል። አንተስ ሳጥን አለህ እንዴ አልኩት። “ወላሂ የለኝም!” ደነገጠ። ቆይቶ ስልኩን አውጥቶ እንዲህ ያለ አፕ አወረደ፣ አጠገቤ ተቀምጦ ደወለልኝ። ስልኬ ጠራ። በ09። የሱ ያልሆነ፣ ጭራሽ የማላውቀው ቁጥር። አነሳሁ። “ሄሎ አባዮ” አለኝ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፤ ድምፁ ቀድሞ ከአፉ፣ ከዚያ ከስልኩ።

“የደወለ ሰው የት እንዳለ ቁጥሩ አይነግርሽም” አለ። “ለጓደኛሽ ንገሪያት።”

መድኃኒት መጋዘን ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አለቀስኩ። ምን ብዬ ነበር የተናገርኩት ያን ሰውዬ? በሰው አገር፣ በዚያ ሙቀት።


ጥቅምት 25፣ ዓርብ

ደወለ! ይቅርታ ጠየቅኩት። ስለ ሳጥኑ ነገርኩት፤ ሙክታር እንዳስረዳኝ አድርጌ አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። አይ ጽጌ አለ። ድምፁ ለስለስ ያለ ነበር፣ የጥንቱ። ማህሌት የትምህርት ቤት መዝሙሯን ዘመረችለት።

ቅባቱን አላነሳሁም። እሱም አላነሳም። እማማንም ዝም ብያለሁ። አሮጊት ናቸው፣ ጉልበቷን የሚያማት ጓደኛ ይኖራቸዋል።

ሆዳንን ዛሬ ሰላም አላልኳትም። ነገ እላታለሁ።


ጥቅምት 29፣ ማክሰኞ። ማታ 1 ሰዓት

ጽሕፈቴን ይቅር በለው።

ሲመሽ ደወለ። በረንዳው ላይ ነበርኩ። ስለ ማህሌት ሳል እያወራን ሳለ በስልኩ ውስጥ አዛን ተሰማ። ቅርብ ነው፣ መስጊዱ አጠገቡ ያለ ይመስላል። ቆይ ቆይ አለኝ፤ እስኪያልቅ ዝም አልን። ከማለቁ የሰፈራችን መስጊድ ጀመረ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ አብረን ያመሸን መስሎኝ። ከዚያ ሰዓቱን አየሁ።

ሻርጃ ከኛ ቀድሞ ይመሻል። ድሮ ራሱ ነው የሚነግረኝ፤ እኔ ማህሌትን ከትምህርት ቤት ሳመጣ እሱ ጋ ፀሐይ ትጠልቃለች። በዚህ ሰዓት እዚያ ከመሸ ቆይቷል። የመግሪብ አዛን፣ የፀሐይ መጥለቂያው፣ አብቅቷል፤ የሚቀጥለው ገና ነው። በስልኬ የሰማሁት ፀሐይ ከኛ እኩል የምትጠልቅበት ቦታ ነው። ቢርቅ ትንሽ ወደ ምሥራቅ።

ቅርብ ነው። ሰውየው ቅርብ ነው።

ደህና እደር አልኩት። አፌ ሊያመልጠኝ ሲል ዝም ማለት የቻልኩበት የመጀመሪያ ቀን ይኼ ነው።


ጥቅምት 30፣ ረቡዕ

ሙክታርን፦ በኢንተርኔት የሚመጣ ድምፅ ምን ያህል ይዘገያል? ያን ቀን እንደሰማሽው አለ፤ አንድ ሰከንድ፣ ቢበዛ ሁለት። አንድ ሰዓት ይዘገያል? ወላሂ አይዘገይም። አየኝና “አባዮ፣ ጓደኛዬ የምትያት ራስሽ ነሽ አይደል?” አለ።

ሥራህን ሥራ አልኩት። ከዚያ ጆሮዬን ጣልኩ፤ ለሆዳን ይነግር ይሆን? ወይስ ከመጀመሪያውም ሰምቶኛል፣ ቀድቶኛል? ጥርጣሬ ማቆሚያ የለውም፣ ሰው አይመርጥም። ይኼው ክፉ ያላደረገኝን ልጅ ገላመጥኩት።


ኅዳር 3፣ ቅዳሜ። ከሰዓት

ዶ/ርን አስፈቀድኩ። በአዲሱ ስልክ ወደ ውጭ፣ አንድ ጊዜ፣ የቤት ጉዳይ። እሺ አሉኝ። እንዴት ደግ ናቸው።

ዳ. ሲሄድ የሰጠኝ የሻርጃ ቁጥር አለ። አትደውዪበት፣ ውድ ነው፣ እኔ እደውላለሁ ይለኝ ነበር። ሰምቼው ነው የኖርኩት። ዛሬ መታሁት።

ጠራ። ሰው አነሳ። ወንድ ነው። በአረብኛ ጀመረ፤ እኔ በአማርኛ ዳዊት አለ ወይ አልኩ። አበሻ ኖሯል፣ ደስ አለው።

“ዳዊት? የኤሌክትሪኩ? ኧረ እሱ ከሄደ ቆየ! ሲሙን ለኔ ትቶልኝ ነው። ማን ልበል?”

“ዘመዱ ነኝ።”

“እንዴት ሆነ ታዲያ? ዓይኑ ተሻለው?”

ምን ዓይን አልኩ። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም። ሰውየው “እህቴ፣ እሱን ራሱን ጠይቂው” ብሎ ዘጋው።

ጠረጴዛው ላይ ሌላ መስመር ይጠራ ነበር። አነሳሁ። ለፋርማሲ አዞርኩ። ሌላ ጠራ። አነሳሁ። እንዴት እንደሠራሁ አላውቅም።


ኅዳር 4፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ማህሌት ጎረቤት ገባች። እማማን አስቀመጥኳቸው። ነጠላቸውን ሳያወልቁ።

“ዓይኑ ምን ሆነ?”

አልካዱም። እንደዚያ ይጠብቁኝ ነበር መሰለኝ፤ ትከሻቸው ወረደ። ባትሪ ነው አሉ። ጋራዡ ውስጥ የመኪና ባትሪ ሲሞላ ፈነዳ። አሲዱ ፊቱ ላይ። የግራ ዓይኑ የለም፣ ጉንጩም ተበልቷል። ሆስፒታል ከረመ። የመኖሪያ ፈቃዱ አለቀ። ወደ አገርህ ሂድ ተባለ። እሱ ሐርጌሳ ወረደ።

“ሐርጌሳ!”

“ጓደኛ አለው እዚያ። የመኪና ኤሌክትሪክ ቤት። አብረው ይሠራሉ። የሚደውልልሽም ከዚያ ነው፣ በርካሹ መስመር።”

“እርስዎ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?”

“ልጄ፣ አስምሎኝ ነው። ጽጌ ካወቀች ከዚህም እጠፋለሁ አለኝ። እኔ ምን ላድርግ? አንቺን ልዋሽ ወይስ እሱን ልጣ?”

ቅባቱ ለጠባሳው ነው። ከዚህ ፋርማሲ እየገዙ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ይልኩለት ነበር። ከእኔው ክሊኒክ ፋርማሲ። እኔ ቁጭ ብዬ ስልክ በማዞርበት።

አዘንኩላቸው። ግን አላቀፍኳቸውም። ተነስቼ ልብስ አጠብኩ። የታጠበውንም ደግሜ አጠብኩ።


ኅዳር 6፣ ማክሰኞ

ደወለ። ማወቄን እማማ ነግረውታል። ቅዳሜ ቶጎ ውጫሌ እመጣለሁ አልኩት፤ አንተም ድንበሩን ተሻገርና ና። ጽጌ እባክሽ አለ። ዘጋሁት።

ሰው እንዲህ ይጨነቃል፣ እኔ ደግሞ አሁንም እጠይቃለሁ፦ ዓይኑ እውነት ከሆነ፣ ሴቷም እውነት ብትሆንስ? የምታስታምመው ትኖር ይሆን?


ኅዳር 10፣ ቅዳሜ። ማምሻ

ቶጎ ውጫሌ ደርሼ መጣሁ።

በጠዋቱ ሚኒባስ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ነፋስና አቧራ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ ብስኩት አካፈሉኝ፣ ለምን እንደምሄድ አልጠየቁኝም። እግዜር ይስጣቸው።

ከመናኸሪያው ማዶ ያለው ሻይ ቤት ነበር ቀጠሯችን። ገባሁ። አየሁ፣ የለም። ወደ ጓሮው አለፍኩ። የለም። አልመጣም ብዬ ልወጣ ስል፣

“ጽጌ።”

ካለፍኩት ጠረጴዛ። ኮፍያ ያደረገ፣ ጥቁር መነጽር፣ ግራ ጎኑን ለግድግዳ የሰጠ ቀጭን ሰውዬ። ሁለቴ አልፌዋለሁ።

“ለምን አልጠራኸኝም?”

“ታውቂኝ እንደሆን ብዬ።”

“ፈተንከኝ?”

ወጣሁ። ከሻይ ቤቱ ውጭ የቆመ የጭነት መኪና ጎማ ላይ እጄን ደግፌ ቆምኩ። ተናድጄ ነበር፣ አንተ ደብተር፤ የተሰማኝ ሐዘን ነው ብዬ አልዋሽህም። ወር ሙሉ ጠርጥሬው፣ ለካ እሱ ደግሞ እኔን ይጠረጥራል። ፊቱን አይታ ትሸሻለች ብሎ። እናቱን አምኖ፣ ሻርጃ ያለ ጓደኛውን አምኖ፣ የሚኒባስ ሹፌር አምኖ፣ እኔን ሚስቱን ግን አላመነም።

ተመለስኩ። መነጽሩን አውልቅ አልኩት። እንቢ አለ። ከዚያ አወለቀው።

አየሁ። አልጽፈውም። አንዱ ዓይን የዳዊት ነው።

ሻይ በወተት አዘዘልኝ፣ ስኳር ቀነስ፤ አልረሳም። እጁ ደህና ነው፣ ሽቦ ይቀጥላል፣ ዓይኑ ያልደረሰበትን በጣቱ ይዳስሰዋል። ማህሌት ትፈራኛለች አለ። ሸኚዎቼን አስቤ ነው አለ፤ ያ ሁሉ ሰፈር በጭብጨባ ሸኝቶኝ፣ በባዶ እጄ ልግባ?

“እኔ እኮ ሴት ይዘህ መስሎኝ ነበር” አልኩት። “ደገሀቡር። ልጅም ወልዳልህ።”

አፉን ከፍቶ አየኝ። ሳቀ። ሲስቅ የግራ ከንፈሩ አይነሳም። እኔም ሳቅኩ፣ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሳቃችን ወደ ለቅሶ ሲዞር ባለሻይ ቤቷ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረችልን።

ና አሁን እንሂድ አልኩት። ከገና በኋላ አለ። ሥራ ይዤያለሁ፣ ጓደኛዬን በድንገት አልተወውም፣ ጠባሳውም ይጥፋ። “ከገና በኋላ” ሲል ድምፁ ወረደ። አውቀዋለሁ ያን ድምፅ። “መስመሩ ነው” ሲለኝ የነበረው ነው። ከገና በኋላ ፋሲካ ይላል።

ብቻዬን ተመለስኩ።


ኅዳር 13፣ ማክሰኞ

ሦስት ነገር አደረግኩ። የመጨረሻውን እሱ ይቅር አይለኝ ይሆናል።

ጠዋት ሙክታርን ይቅርታ ጠየቅኩት። ምኑን? አለ፤ እውነትም አልገባውም። ዕቃውን ጨርሶ ሊሄድ ነው። ጥሪ ይቀዳ እንደሆነ ዛሬም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ምሳ ላይ ለማህሌት ነገርኳት። ባትሪ፣ አሲድ፣ ዓይን። ሁሉንም፣ በልኳ። ብዙ ጠየቀች። ያማል? አሁን አያምም። እንዴት ነው የሚተኛው? እንደ ሰው። አለቀሰች፣ ከዚያ ራበኝ አለች። ትፈራው ይሆናል። ትፍራው፤ እዚሁ ሆኖ ይልመዳት።

ከሰዓት ከሥራ አስፈቅጄ የዕድር ሴቶች ስብሰባ ሄድኩ። ሻይ ሳይቀርብ ተነሳሁ። ዳዊት ሻርጃ የለም፣ ሐርጌሳ ነው አልኩ። ፊቱ ተቃጥሏል፣ አንድ ዓይኑ ጠፍቷል። በባዶ እጁ ነው። ቅዳሜ ማህሌትን ይዤ ሄጄ አመጣዋለሁ። በር ላይ ቆሞ የሚያፈጥ እንዳላይ። አንዷ ደረቷን መታች። አሁን የሚደበቅለት ነገር የለውም። ሰፈሩ ሁሉ ሳያየው አይቶታል።

ለሱም በእናቱ ስልክ ላኩበት። ከእንግዲህ በስልክ አላናግርህም፣ ቅዳሜ ጠዋት ውጫሌ ነን፣ ካልመጣህ ተሻግረን ሐርጌሳ እንገባለን። ማህሌትም የሱን እልህ ነው የወረሰችው፤ ይወቀው።

እማማ ተቆጥተውኛል። ልጄን አደባባይ አወጣሽው አሉኝ። አዎ፣ አወጣሁት። ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። ብቻ ጆሮዬን ቀስሬ መኖር ሰልችቶኛል።

በሩ ተንኳኳ። የዕድሩ ሴቶች ናቸው፣ እማማን ሊያጽናኑ ነው መሰለኝ፣ ብዙ ናቸው። እማማ ስሜን እየተጣሩ ነው። ወንበር አይበቃንም፣ ልውጣና ከጎረቤት ላምጣ።